«ሞተ» ያለበት ሁሉ

መስከረም 12 ቀን

ለምወድህ ለአጎቴ ልጅ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ፣ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ።

በወረቀት ስጽፍልህ እንዳትስቅብኝ። በስልክ እንዳላወራህ የመጠገኛ ቤታችንን ቢሮ ከአባባ መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ አባባ ደግሞ ከዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መሀል የሰው ሹክሹክታ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ አለው። በቢሮው ኮምፒውተር ብጽፍም ከጀርባዬ መጥቶ ይቆማል።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርህ። አባባ ከልብ ሕክምናው ከወጣ ወዲህ ሐኪሙ «ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ» ብሎናል። ስለዚህ ያን ነገር እስካሁን አልነገርነውም። ታላቅ ወንድሜ፣ ማለቴ ሥራ አስኪያጃችን (አሁን በሩ ላይ እንዲያ የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ የሚያስተዳድረው እኔንና አባባን መሆኑን ረስቶት ነው)፣ «ጊዜው ሲደርስ በዘዴ እነግረዋለሁ» ብሏል። የደንበኞቹንም የዘመዱንም ስልክ «አንተ ዕረፍ» ብሎ ወደ ራሱ ወስዶታል። የቀረን ጣጣ ኢሜሉ ነው። አባባ ጠዋት ቱታውን ከመልበሱ በፊት መነጽሩን ሰክቶ ኢሜሉን ይከፍታል፤ አድራሻውን ደግሞ የማያውቅ ዘመድ የለም። ባለፈው አንዱ ሊያጽናና የላከውን እኔ ቀድሜ አግኝቼ አጠፋሁት።

አድራሻዎቹን የከፈትክልን አንተ ነህ፣ ሥራህም ይኸው ነው። ወንድሜ እንደሚለው «ሞተ» የሚል ቃል ያለበትን ደብዳቤ ሁሉ መንገድ ላይ የሚያስቀር ነገር አለ አሉ። አንዲት ቃል ናት፤ ለአንተ ምን አላት ብለህ ነው።

እግዜር ያክብርልኝ።

እትዬህ


ጥቅምት 6 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፣ ምርቃትሽም። ጤናዬን ጠይቀሻል፣ ሥራዬን ጠይቀሻል፣ እንቅልፌን ሳይቀር ጠይቀሻል። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት፤ «እግዜር ያጥናህ» የሚል የለበትም። አባቴ እናንተ ዘንድ «ያ ነገር» ሆኗል ማለት ነው።

እኔ ዘንድ ግን ገና ነገር አልሆነም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። የመድኃኒቱ ሽታ ከመጋረጃው አልለቅ ብሎኛል፤ ሁለቴ አጥቤዋለሁ። ጫማው በር ሥር አለ፣ አንደኛው እንደ ልማዱ ተረከዙ ተረግጦ።

ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ያደረግኩት አጎቴን ስለምወድ ነው፤ በአንድ ዓመት ሁለት ሰው መቅበርም አልችልም። ለሥራ አስኪያጃችሁ ብዬ እንዳይመስልሽ።

እንዴት እንዳደረግኩት ደግሞ ስሚው፤ ብቻዬን ለምን ያቅለሸልሸኛል። ኢሜላችሁ የተቀመጠበት ሰርቨር የመቆጣጠሪያ ገጽ አለው። ሌላው ሰው ገጹን ከፍቶ፣ ቁልፍ ተጭኖ ነው ማጣሪያ የሚያበጀው። እኔ የብዙ ድርጅት ኢሜል ስለምጠብቅ ገጹን አልከፍትም። ከጀርባው ለፕሮግራም የተተወ በር አለ፤ በዚያ በኩል ትእዛዝ እጽፍለታለሁ። የማጣሪያውን ስም፣ የደብዳቤውን የትኛውን ክፍል እንደሚያይ፣ ምን ቃል እንደሚፈልግ፣ ሲያገኘው ምን እንደሚያደርግ እነግረዋለሁ። እሱም «ተሳክቷል» ብሎ ይመልስልኛል።

«ሞተ» ያለበትን ሁሉ ያዝ አልኩት። ግን አንዲት ቃል ናት ያልሽው ውሸትሽን ነው። ሞቷል አለ፤ ሞትዋል ብሎ የሚጽፍም አለ። አረፈ አለ፣ አረፉ አለ። «አለፈ»ን ልጨምር ስል «አለፈለት»ንም ይውጣል ብዬ ተውኩት፤ ያለፈለት ዘመድ ደብዳቤ ይቀርባችኋል ብዬ አዘንኩላችሁ። ሐዘን ደግሞ በሦስቱም ሀ ይጻፋል፤ ለማሽኑ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ስለዚህ ሦስቱንም ጻፍኩ። ከቤተሰቡ ሁሉ ለአባቴ ይህን ያህል የሐዘን ቃል የጻፈ የለም። እኔም የጻፍኩት እንዳይደርስ ነው።

መሞከሪያም አለው። የፈጠርሽውን ደብዳቤ ስትሰጪው ምን እንደሚያደርገው ይነግርሻል። «ወንድምዎ ሞተ» ብዬ ሰጠሁት፤ አይደርስም አለኝ። ሌላ መሞከር ነበረብኝ፣ ግን ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር መጻፍ አልቻልኩም፤ ዘጋሁት።

«አጥፋው» የሚለውን ትእዛዝ እጄ እምቢ አለኝ። የተያዘው ሁሉ «ጓዳ» ብዬ ወደሰየምኩት ፎልደር ይገባል፤ ከእኔ በቀር የሚያየው የለም። እኔም ከፍቼ ለማየት ሆዱ የለኝም።

አጎቴን ሳሚልኝ። ከማን ተልኮ እንደሆነ ግን ምን ብለሽ እንደምትነግሪያቸው እንጃልሽ።

የአጎትሽ ልጅ


ኅዳር 11 ቀን

ለወንድምዬ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ ቤትህ ይሙቅ፣ እግዜር ከፊትህ ይቅደም።

ተቀይመህኛል። ያላልኩህን ነገር በአካል ስንገናኝ ልልህ ነበር፤ በወረቀት ቀለለብኝ። አሁንም ልጽፈው ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፣ ስለዚህ እለፈኝ።

ማጣሪያህ በደንብ ይሠራል፤ አንድም ክፉ ደብዳቤ አልደረሰም። አባባም ተሽሎታል። ሐኪሙ ባለፈው ልቡን አዳምጦ «አሁንማ ከእኔም ይሻላሉ» ብሎ ቀለደበት። እኔ እንግዲያው እንንገረው ብዬ ነበር። ወንድሜ «መጀመሪያ ሥራው ይለቅ» አለ። አንድ ትልቅ እርሻ የውሃ መሳቢያ ሞተሮቹን በሙሉ ሊያመጣልን ቃል ገብቶ ነበር። የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቶ በአዲስ መዳብ መጠቅለሉን ከአባባ እጅ በቀር የሚችለው የለም። «ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ሽቦ አይጠቀልልም» ይላል ወንድሜ። እንዲህ ሲል እያኘከ ነበር፤ ፊቱን ማየት አስጠላኝና ወጣሁ። ለነገሩ የእርሻው ትእዛዝም እስካሁን አልመጣም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አባባ ለወንድሙ ይጽፋል፣ መልስ የለም። በአንድ ጣቱ ሲተይብ አየዋለሁ፤ ይልክና ወንበሩን ዞር አድርጎ ስክሪኑን ይጠብቃል። ወንድሜ «ልጁ በአባቱ ስም ሁለት መስመር ይጻፍለት» አለኝ። የኢሜሉ ሳጥን በእጅህ ነው። «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» በለው። ይህን ስጽፍልህ ራሴን ያመኛል፤ ግን የሰውየውን አጠባበቅ ብታየው አንተም ትጽፍለት ነበር።

እትዬህ


ታኅሣሥ 3 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታ አልቆብኛል።

አባቴ «ሥራ በዝቶብኛል» ይበል? ጣቶቹን እኔ ነኝ ያጣጠፍኩለት። በእነዚያ ጣቶች ነው ጻፍ የምትሉኝ? ምን ዓይነት ሆድ ነው የሰጣችሁ! ደብዳቤሽን አንብቤ እጄን ታጠብኩ፤ እውነቴን ነው፣ በሳሙና።

አጎቴ የሚጽፉት ሁሉ አባቴ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ የማነበው ደግሞ እኔ ነኝ። የፊተኛው እንዲህ ይላል፤ «ወንድምጋሼ፣ ኧረ ምነው ጠፋህ? ሕመሙ ባሰብህ እንዴ? ልጁስ ምን ሆኖ ነው የማይነግረኝ?» ቀጥሎ የመጣው «በምን አስቀየምኩህ?» ብቻ ነው። እስካሁን እንደ ወንድም የሚጨነቁ ሰው ነበሩ፤ አሁን እንደ ተናቀ ሰው መጻፍ ጀምረዋል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

እኔ ራሴ ብነግራቸው በወደድኩ። የልባቸውን ነገር የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ፣ አጠገባቸው ውሃ የሚያቀብል ሰው ያለውም እናንተ ዘንድ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ ምን ትጠብቃላችሁ? የሰው ሞት የሥራ ቀጠሮ የሚያዝለት ከመቼ ወዲህ ነው? ንገሪያቸው። ለወንድምሽ ደግሞ በእኔ ስም ምንም አትበይልኝ፤ የምለው ሁሉ በሴት አፍ የሚነገር አይደለም።

የአጎትሽ ልጅ


ጥር 20 ቀን

ለወንድምዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ክፉውን ሁሉ ያርቅልህ። መልሱን ያዘገየሁት የምልህ ጠፍቶኝ ነው። ልነግረው ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ የሻይ ብርጭቆ ሰብስቤ ተመለስኩ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ሽቦው ላይ የሚቀባውን ቫርኒሽ የምናደርቅበት ምድጃ ከቀዘቀዘ ቆየ፤ ድመት ገብታ ትተኛበታለች። መዳቡ እንደታሸገ ነው። ትንንሽ ሥራ በእግሩ ይመጣል፤ የቤት ማራገቢያ፣ የልብስ ማጠቢያ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ግን የሚያዙት በጽሑፍ ነበር፣ እነሱ ድምፃቸው ጠፋ። አንዳንዶቹ ቢደውሉም ወንድሜ «በኢሜል ላኩልን» ይላቸዋል፤ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ነው የሚለው መሰለኝ። የሚደርሰን ቆሻሻ ብቻ ነው። ሚሊዮን ዶላር ደርሶዎታል፣ ፀጉር ማብቀያ ይግዙ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ አባባ መልካም ዜና መስሎት ያስነብበኛል። ሳነብለት ያስጠላኛል፣ እሱ ደግሞ ያፍራል።

ትናንት መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲወለውል አገኘሁት። ንጹሕ ናቸው እኮ። «ጋሼ ሞተር፣ ጋሼ ሞተር ሲለኝ የኖረ ሰው ሁሉ የት ገባ?» አለኝ። «ልቤ ሲታመም እጄም የታመመ መሰላቸው?» እዚህ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ በአካልም በኢሜልም ለሰው ሁሉ «ጋሼ ሞተር» ነው። አባባ የምንለው እኛ ቤት ብቻ ነን። ቀጥሎ ያለኝን ልንገርህ? «ደንበኛስ ይሁን፤ ወንድምጋሼም ጀርባውን ሰጠኝ።»

አንተ እምቢ ካልክ በኋላ ወንድሜ «እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ነበር። ምን እንዳስተካከለ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው ይነግረኛል ብዬ ፈርቼ። አባባ ግን ምንም አልደረሰኝም ይላል።

እትዬህ


የካቲት 9 ቀን

እትዬ፣

«ጋሼ ሞተር» የሚለውን ያነበብኩት ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም። አባቴ እሳቸውን የሚጠራው «ያ ግግም» እያለ ነው፤ እኔም ከአባቴ ጋር ወደዚህ ስመጣ ልጅ ነበርኩ።

ወረቀት አምጪና «ሞተር» ብለሽ ጻፊበት። የመጨረሻዋን ፊደል በጣትሽ ሸፍኛት። ማሽኑ ያየው ይህንን ነው። እኔ «ሞተ» ያለበትን ሁሉ አልኩት፤ እሱም ሁሉን ያዘ። ሞተር፣ ሞተሩ፣ ሞተሮቹ፣ ለጋሼ ሞተር። ስማቸውን ጠርቶ የጻፈላቸው ሰው አንድም አልደረሳቸውም። የፀጉር ማብቀያ ሻጩ ስማቸውን ስላልጠራ አለፈ። «አለፈለት»ን ያሰብኩ ብልጥ ሞተር ቤት መሆኑን እያወቅኩ አልታየኝም! አንድ ተራ የሥራ ደብዳቤ በመሞከሪያው ባሳልፍ ኖሮ ወዲያው ይታየኝ ነበር። ራሴን ታዝቤዋለሁ።

ጓዳውን ከፈትኩ። የእርሻው ሰዎች ከኅዳር በፊት ጀምሮ ጽፈዋል። «ለጋሼ ሞተር፣ ሞተሮቹን መቼ እናምጣ?» ይላሉ። ቀጥሎ «መልስዎን እየጠበቅን ነው»። ቀጥሎ «ካልፈለጉ ይንገሩን»። የመጨረሻው ለሌላ መስጠታቸውን ያስታውቃል። ለዚያ ሥራ ተብሎ ነው እንግዲህ አባቴ ሳይለቀስለት የከረመው። ለወንድምሽ አንብቢለት፣ እያኘከ ይስማው።

በመሀሉ የሚያጽናኑ ደብዳቤዎች አሉ። አባቴን የሚያስታውሱት ሰዎች ጥሩ ነገር ጽፈዋል፤ ያንን ሳነብ አለቀስኩ፣ ደህና አደረግኩ። ከእነሱ ሥር ደግሞ አንድ ደብዳቤ አለ፤ ላኪው አባቴ ነው። አዎ፣ በአባቴ ስም ከተከፈተ አዲስ አድራሻ። «ውድ ወንድሜ ጋሼ ሞተር፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። አንተም በርትተህ የእርሻውን ሥራ ጨርስ።» አባቴ ከሞተ በኋላ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል! ታናሹንም ጋሼ ማለት ጀምሯል! ተነስቼ መታጠቢያው ላይ አስታወክኩ፤ ቃል ማሳመሬ አይደለም። ማጣሪያዬ አንድ ደግ ነገር ቢሠራ ያንን መያዙ ነው።

ከሁሉም የባሰው ግን ሰኞ አባቴ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ነው። «ወንድምጋሼ፣ ስትቆጣኝ ኖረሃል፣ ችዬሃለሁ። ዝምታህን ግን አልቻልኩትም። ከእንግዲህ አልጽፍልህም፤ አንተም አትጻፍልኝ።» አባቴን ጠሉት፣ እትዬ። አብረው ያደጉት ወንድማቸው መሬት ውስጥ ሆኖ መልስ ስላልሰጠ ጠሉት። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

መጋቢት 8 ቀን ቀትር ላይ ማጣሪያውን አጠፋዋለሁ። አንድ መስመር ትእዛዝ ናት። ጓዳ ያለውንም በሙሉ ወደ ሳጥናቸው እመልሰዋለሁ፣ የወንድምሽንም ጽሑፍ ጭምር፤ መደበቅ ይብቃኝ። ከዚያ በፊት አንቺ በአፍሽ ንገሪያቸው። የወንድማቸውን ሞት ከኮምፒውተር አይስሙ።

የአጎትሽ ልጅ


መጋቢት 8 ቀን

ለወንድምዬ፣

ነገርኩት።

ደብዳቤህን ኪሴ ውስጥ ይዤ ገባሁ። አባባ እጄ ሥራ እንዳይረሳ እያለ አንዲት ያረጀች የማራገቢያ ሞተር ፈትቶ እንደገና ይጠቀልላል። በሩን ዘጋሁት። «አባባ፣ ወንድምጋሼ ሞተ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ ገና የመጀመሪያው ነበር።

መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሽቦውን እንዳይፈታበት በጥንቃቄ አሰረና አስቀመጠው። «ታዲያ እኔ ማንን ነው የተቀየምኩት?» አለኝ። «የሞተ ሰው ተቀይሜ ከረምኩ። እናንተ ናችሁ እንዲህ ያደረጋችሁኝ» አለ። ውሃ አቀረብኩለት፣ ጠጣው። ልቡ ምንም አልሆነም። ያን ሁሉ ወር የፈራንለት ልብ ምንም አልሆነም።

ወንድሜ ድምፅ ሰምቶ፣ ፊቱን አሳዝኖ ገባ። «በዘዴ ልነግርህ ስዘጋጅ ነበር» አለው። አባባ የተቃጠለ ሞተር ሲከፍት አፍንጫውን የሚያጥፈውን ነገር ታስታውሳለህ? እንደዚያ አድርጎ አየው። ትቶት ወደ ቢሮው ሄደ፤ ሲያልፍ «ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ወረቀት ከበሩ ላይ ልጦ የእጁን ቅባት ጠረገበት።

ከዚያ አንተ የመለስከውን ሁሉ ተቀምጦ አነበበ። የእርሻውን ሲያነብ «እነዚህ ሰዎች ምን ይሉኛል» ብቻ አለ። የሚያጽናኑትን ግን ደጋግሞ አነበባቸው። የወንድሜ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ድምፁን አውጥቶ አነበበው፣ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ እየሰማ። ሲጨርስ «ወንድምጋሼ ‹በርታ› ብሎኝ አያውቅም» አለ። «‹ተወው፣ ግባና ተኛ› ነው የሚለኝ።» ያኔ ነው ያለቀሰው።

ማታ አንተን ጠየቀኝ። «ልጁን ምን አላችሁት?» አለ። «እግዜር ያጥናህ ብላችሁታል?» አለ። የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ። ያየኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም፤ ወንድሜን ያየበት ያው አስተያየት ነው፣ ይገባኛልም። አሁን ብጽፍልህ ከእሱ ቀድሜ መቅረብ ይሆንብኛል፤ መጀመሪያ የእሱን አንብብ። ኢሜል ላክለት ስለው «በእናንተ ወንፊት አላልፍም» አለ። በእጁ የጻፈው ከዚህ ጋር ነው።

እትዬህ


ልጄ፣

አባትህ ሞተ። ወንድሜ ሞተ። እግዚአብሔር ያጥናህ።

የዘገየሁት ዛሬ ስለሰማሁ ነው፣ አትፍረድብኝ። ብቻህን ነው የቀበርከው አሉኝ። አብሬህ መሆን ነበረብኝ፤ ሬሳውን ተሸክሞ መሄድ የእኔ ተራ ነበር። የጻፍኩለትን ክፉ ቃል አንብበኸው ከሆነ ለእሱ አይደለም፣ በሕይወት ያለ መስሎኝ ነው። አጥፋልኝ።

መጨረሻ ላይ ምን አለ? የምጠይቀው ሰው አጥቻለሁና አንተ ንገረኝ። ይህ ወረቀት ከደረሰህም ደረሰኝ በለኝ፤ ዘንድሮ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ እየቀረብኝ ነው።

አጎትህ


መጋቢት 26 ቀን፣ በኢሜል

ለ፦ ጋሼ ሞተር
ርዕስ፦ አባቴ ሞተ

አጎቴ፣

ደረሰኝ። እግዜር ያጥናህ ያሉኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።

መጨረሻ ላይ ያለኝ «ለዚያ ግግም ንገረው» ነው። ይኸው ነገርኩዎት።

ደረሰዎት?